ጉዳይ ወደ መድረክ እንዴት ይወጣል? የጅቡቲ ከተማ ምሳሌ

በወሎም ሆነ በሐረርጌ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ መምህር ይህን ያውቀዋል። መስከረም ላይ በመዝገብ የሰፈረ ተማሪ ከገና በኋላ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋል። ምክንያቱን የክፍል ጓደኞቹ ከመምህሩ አስቀድመው ያውቁታል፤ «ሄደ» ይላሉ። ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። በረሃውን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሆኑ የታወቀ ነው። የማይታወቀው፣ ይልቁንም በግልጽ የማይነገረው፣ ስንቱ እንደሚደርስ፣ ስንቱ በመንገድ እንደሚቀር፣ ወጪውን ማን እንደከፈለ፣ የተመለሰውስ ምን እንደሚገጥመው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የማያወራ ሰው የለም። በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይወራል። ነገር ግን ወሬና የሕዝብ ክርክር አንድ አይደሉም። ወሬው ክርክር የሚሆነው ተመዝኖና ተቆጥሮ፣ ኃላፊነት ባለው ሰው ፊት ቀርቦ፣ መልስ ሲጠየቅበት ነው። ይህን ሥራ በሙያ ከያዙት መካከል የፖሊሲ ጥናት ተቋማት የሚባሉት ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ተቋማት ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩና የት ላይ እንደሚደክሙ በጅቡቲ ከተማ አብነት ለማሳየት እንሞክራለን። ጅቡቲ ለእኛ የወደብ ከተማ ብቻ አይደለችም። ተማሪዎቻችን የሚያልፉባት፣ የአካባቢያችን መንግሥታት የሚሰበሰቡባት፣ ከእኛ ጋር በሐዲድም በባህልም የተሳሰረች ከተማ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።)

ለመሆኑ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ምንድን ነው?

ፖሊሲ ሲባል አንድ መንግሥት አንድን ጉዳይ በምን አቅጣጫ እንደሚይዘው የሚወስንበት ሐሳብ ማለት ነው። ሕጉም፣ በጀቱም፣ መመሪያውም ከዚያ ይቀዳሉ። የፖሊሲ ጥናት ተቋም ደግሞ ይህ ሐሳብ ከመቆረጡ በፊት ማስረጃ የሚያቀርብ፣ ከተቆረጠም በኋላ ውጤቱን የሚመረምር ድርጅት ነው። እንደ ሚኒስቴር የማዘዝ ሥልጣን የለውም። እንደ ፖለቲካ ፓርቲ ለምርጫ አይወዳደርም። ከዩኒቨርሲቲ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጽሑፉን በዋናነት ለሙያ ጓደኞቹ ሲጽፍ፣ የፖሊሲ ተቋም ተመራማሪ ለወሳኙ ሹምና ለተራው ሰው መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። በዓለም ላይ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ መነሻው በ1916 የሆነው የዋሽንግተኑ ብሩኪንግስና በ1920 የተቋቋመው በተለምዶ ቻተም ሐውስ የሚባለው የለንደኑ ተቋም ይጠቀሳሉ።

አሠራሩን እንመልከት። የመጀመሪያው ሥራ ጥያቄውን ማረም ነው። «ወጣቱ ለምን ይሰደዳል?» የሚል ጥያቄ ለንግግር ያመቻል እንጂ ለጥናት አይመችም፤ ሁሉም እንደ ዝንባሌው ይመልሰዋል። «ከአንድ ወረዳ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሄዱ ወጣቶች የመንገዱን ገንዘብ ከየት አገኙት?» የሚለው ግን ሄዶ ሊጠየቅ፣ ተጠይቆም ሊቆጠር የሚችል ነው። የፈተና ጥያቄ አውጥቶ የሚያውቅ መምህር ይህን ልዩነት ለማየት አይቸግረውም። ቀጥሎ ጠያቂዎች ወደ መንደር ይወርዳሉ፤ ቤተሰብ፣ ሽማግሌ፣ ደላላ፣ ከስደት ተመላሽ፣ ፖሊስ ይጠየቃል። የተሰበሰበው ይመረመርና አንድ መቶ ገጽ የሚሆን ዘገባ ይወጣዋል። ያን ዘገባ ሚኒስትሩ አያነብም። ስለዚህ ወደ አምስት ወይም ስድስት ገጽ ይጠበብና «አጭር የፖሊሲ ማስታወሻ» ይሆናል፤ ምን እንደተገኘ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል፣ የሚያስከፍለውም ዋጋ ይገለጽበታል። ይህ ማጥበብ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብዙ ጥሩ ጥናት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ መድረኩ ይመጣል። መድረኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዝግ ስብሰባ ሲሆን ባለሥልጣኑ፣ ተመራማሪውና ተቃዋሚው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይነቱ ስብሰባ በብዙ አገር የሚሠራበት ከ1927 ጀምሮ የቻተም ሐውስ ደንብ የተባለው ነው፤ ይኸውም በስብሰባው የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ ማን እንደተናገረው ግን አትግለጽ የሚል ነው። ሹም በስሙ የማይናገረውን እውነት እንዲህ ሲሆን ይናገራል። ሁለተኛው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ወይም ውይይት ነው፤ ጋዜጠኛ ይጠራል፣ ራዲዮ ይቀዳል፣ አድማጭ ይጠይቃል። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ሹክሹክታ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ያለ አንደኛው ጩኸት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአፋር ዘንድ «ዳጉ» የሚባል የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ መንገድ። ተናጋሪው ያየውን ካየሁት፣ የሰማውን ከሰማሁት ብሎ ለይቶ የመናገር ግዴታ አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። በዳጉ የዋሸ ሰው ይነወራል። የጥናት ተቋም ጠያቂ በመንደር የሚሠራውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ወረቀት መያዙ ነው። አማርኛችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል።

በጅቡቲ ከተማ እነማን አሉ?

ጅቡቲ ነጻነቷን ያገኘችው ጁን 27 ቀን 1977 ነው። ከነጻነት በኋላ የተቋቋመው የሳይንስና የቴክኒክ ጥናት ኢንስቲትዩት ኋላ ሴርድ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የጅቡቲ የጥናትና ምርምር ማዕከል ሆነ። ማዕከሉ የመንግሥት ነው። የከርሰ ምድር እንፋሎትና የውሃ ጥናት ይሠራል፤ ቋንቋን፣ ታሪክንና የመሬት ቁፋሮ ጥናትን ይይዛል፤ በፖለቲካና በስትራቴጂ ጉዳይ የሚያጠና ክፍልም አለው። በ2006 የተመሠረተው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሲጨመርበት የከተማይቱ የጥናት ኃይል በአብዛኛው ከመንግሥት በጀት የሚኖር መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ራሱን የቻለ የግል ፖሊሲ ተቋም እንደ ናይሮቢ ወይም እንደ አዲስ አበባ በብዛት የለም። ይህም የክርክሩን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ ሌላ ነገር አላት። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ በ1986 ድርቅንና በረሃማነትን በጋራ የሚከላከል ድርጅት አቋቁመው ዋና መሥሪያ ቤቱን በጅቡቲ ከተማ አደረጉት። በ1996 ስሙም ሥራውም ሰፍቶ ዛሬ ኢጋድ የምንለው ሆነ። ኢጋድ የመንግሥታት ድርጅት እንጂ የጥናት ተቋም አይደለም፤ ነገር ግን አጥኚዎችን ይቀጥራል፣ ጥናት ያስጠናል፣ ሚኒስትሮችን ከአጥኚዎች ጋር ያስቀምጣል። በፍልሰት ጉዳይ ለብቻው የሆነ አካባቢያዊ የምክክር ሥርዓት አለው። ስለዚህ በጅቡቲ ከተማ የፖሊሲ ክርክር የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ተቋም ሳይሆን ይህ የስብሰባ ከተማነቷ በሚስበው ጉዳይ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ሁሉ የሚበልጠው የአርታ ጉባኤ ነው። በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ብዙ የሰላም ጉባኤዎች ተደርገዋል፤ በአብዛኞቹ ላይ የተጠሩት የጦር አለቆች ነበሩ። የጅቡቲው ፕሬዚዳንት እስማኤል ዑመር ጌሌ በ1999 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ሽማግሌዎች፣ ምሁራን፣ ሴቶችና ነጋዴዎች ይጠሩ የሚል ነበር። በ2000 መጀመሪያ በጅቡቲ ከተማ ምሁራን ተሰብስበው አጀንዳውን አዘጋጁ። ጉባኤው ራሱ በሜይ ወር ከከተማይቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአርታ ተከፈተና ወራት ፈጀ። ውይይቱ በጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ሰው በቤቱ ሆኖ ሽማግሌው ሲናገር፣ ሌላው ሲመልስ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

በአርታ የታየው አንድ ክርክር ለተማሪ ቢነገር የሚገባ ነው። የምክር ቤቱ ወንበር በጎሣ ሲደለደል ሴቶቹ በየትኛው ጎሣ ይቆጠሩ? በአባታቸው ወይስ በባላቸው? ሴቶቹ ራሳችንን እንደ አንድ ጎሣ ቁጠሩን አሉ። በመጨረሻ 245 ወንበር ካለው ምክር ቤት 25ቱ ለሴቶች ተለየ። በኦገስት ወር አብዲቃሲም ሰላድ ሐሰን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። መንግሥቱ ግን ከሞቃዲሾ ጥቂት ክፍል አልፎ ሊገዛ አልቻለም። በአርታ የተያዘው አራት ተኩል የተባለው የጎሣ ድልድል እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው፤ ሰላም ያወረደ ስምምነት ነው የሚሉ አሉ፣ ጎሣን በመንግሥት ላይ የተከለ በሽታ ነው የሚሉም አሉ። መድረኩ መልስ ይሰጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በአርታ ያዝናል። እኛ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አድማጮች ስለ መንግሥት አደረጃጀት የሰሙት ክርክር ከተመረጠው መንግሥት ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል ብለን እናምናለን።

የኦቦክ ዳርቻ

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ተማሪዎቹ ጉዳይ እንመለስ። ከጅቡቲ ከተማ በስተሰሜን፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ኦቦክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ፈረንሳዮች በ1862 በውል ያገኟት የመጀመሪያ ይዞታቸው ነበረች። ዛሬ ግን የምትታወቀው በሌላ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከጅማ የሚመጡ ወጣቶች በጋላፊ ወይም በሌላ በር ገብተው፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አካባቢ በእግር አልፈው በኦቦክ ዳርቻ ጀልባ ይጠብቃሉ። ከባሕሩ ማዶ የመን ናት። የሚያስገርመው በዚያው በኦቦክ አጠገብ መርከዚ የሚባል ካምፕ መኖሩ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ከየመን ጦርነት ሸሽተው በተቃራኒው አቅጣጫ ባሕሩን የተሻገሩ የመናውያን የተጠለሉበት ነው። አንዱ የሚሸሽበትን አገር ሌላው እየናፈቀ ይሄዳል።

በዚህ ባሕር ላይ የሞተው ሰው ጥቂት አይደለም። በጃንዋሪ 2019 በኦቦክ አቅራቢያ በጎዶሪያ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። በኤፕሪል 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባ ሰጠመ፤ በመጀመሪያው ብቻ ቢያንስ 38 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጀመሪያ ከየመን ሲመለሱ በነበሩ ጀልባዎች ላይ የተሳፈሩ ሰዎች በባሕር ላይ እንዲወርዱ ተገድደው ከአርባ በላይ ሞቱ።

እዚህ ላይ የጥናት ጥቅም ይታያል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በመንገዱና በባሕሩ ዳርቻ ቆጣሪዎች አሉት። በ2019 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የደረሱት ከ138 ሺህ በላይ እንደነበሩ፣ ከእነርሱም ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ድርጅቱ አስታውቋል። በኮሮና ወረርሽኝ ዓመት በ2020 ቁጥሩ ወደ 37 ሺህ አምስት መቶ ገደማ ወረደ። በ2024 ወደ 60 ሺህ ገደማ ተመዘገበ። የሒሳብ መምህር እንዲህ ያለውን ቁጥር በክፍል ሲያቀርብ አንድ ማስጠንቀቂያ ቢጨምር መልካም ነው። የቁጥር ማነስ የሰው ማነስ ላይሆን ይችላል። ደላላው መንገዱን ሲቀይርና ቆጣሪው የማይደርስበት ዳርቻ ሲበዛም ቁጥሩ ይቀንሳል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ምክንያቱ ነው። ስለ ስደት በአገራችን ሲሰበክ የኖረው በአብዛኛው አንድ ነገር ነበር፦ ወጣቱ በደላላ ተታሎ ይሄዳል፤ እንግዲያስ አደጋውን ብንነግረው ይቀራል። አጥኚዎች ወደ መንደር ሲወርዱ ያገኙት ከዚህ የተወሳሰበ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ በ2015 አስናቀ ከፋለና ዘሪሁን ሙሐመድ ያዘጋጁትን ከኢትዮጵያ ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚደረገው የሥራ ፍልሰት የሚመለከት ጥናት አሳትሟል። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ደጋግሞ የሚታየው ብዙ ተጓዥ አደጋውን ጨርሶ የማያውቅ ሳይሆን አውቆ የሚሄድ መሆኑ ነው። ወጪውንም ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ከብት ሸጦ ወይም ተበድሮ ይከፍለዋል። በሶማሊዎች ዘንድ የተደረገው የሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት የ2016 ጥናት ደግሞ የተለየ መልክ አሳይቷል። በዚያ «ታህሪብ» በሚባለው ጉዞ ወጣቱ ለቤተሰቡ ሳይናገር ይወጣል፤ ደላላው መንገድ ላይ ያግተውና ክፍያውን ከቤተሰቡ ይጠይቃል። በአንዱ አገር ቤተሰብ ላኪ፣ በሌላው ተከፋይ ከሆነ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስብከት ሊበጅላቸው አይችልም።

የፖሊሲው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ነው። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ኢትዮጵያም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደች፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። ከለጋዮቹ ዜጎችን ለመጠበቅ ነበር ያሰቡት። የተቃወሙት አጥኚዎች በበኩላቸው በሩ ሲዘጋ ሰው አይቀርም፣ በኦቦክ በኩል ይሄዳል ሲሉ ተከራከሩ። በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሕጋዊውን መንገድ ለማስተካከል የተደረገ ሙከራ ነው። በእኛ አስተያየት አጥኚዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ሆኖም ሕጋዊው መንገድ ለገጠሩ ልጅ ቅርብ እስካልሆነ ድረስ ክርክሩ አላበቃም።

በጅቡቲ ከተማ ክርክር ወደ ውሳኔ የተለወጠበት አንድ ምሳሌ ደግሞ በቀጥታ መምህራንን የሚመለከት ነው። በአሊ ሳቢህ አካባቢ ባሉት በአሊ አዴና በሆልሆል ካምፖች በአብዛኛው የሶማሊያ ስደተኞች ለረጅም ዓመታት ኖረዋል። ልጆቻቸው በካምፑ ይማሩ የነበረው በእንግሊዝኛ በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልጁ የሚኖረው በጅቡቲ፣ የሚማረው የኬንያን፣ አፉን የፈታው በሶማሊኛ፣ የአገሩ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ። ምስክር ወረቀቱ በጅቡቲ የትም አያስገባውም። ጉዳዩ በአጥኚዎችና በረድኤት ሠራተኞች ሲነሣ ከቆየ በኋላ፣ ጅቡቲ በ2017 መጀመሪያ ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ትምህርትና ሥራ ፈቀደችላቸው፤ በዚያው ዓመት የስደተኛ ልጆችን ትምህርት የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስቴር እንዲይዘው ተስማማች፤ የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርትም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንዲሠራበት ተደረገ። ዲሴምበር 14 ቀን 2017 የኢጋድ አባል አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች በጅቡቲ ከተማ ተሰብስበው የስደተኞችን ትምህርት ከየአገሩ የትምህርት ሥርዓት ጋር የማዋሐድ ቃል ገቡ፤ የጅቡቲ መግለጫ ይባላል። ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። በጋምቤላ፣ በጅግጅጋ ወይም በአሶሳ የሚያስተምር መምህር ይህን መግለጫ ቢያውቀው ለሥራው ይጠቅመዋል።

ሐዲዱና የዛፉ ሥር ሕግ

በቅርስ ጉዳይ ተቋማት የሚያነሡት ክርክር ከሁለቱ ያነሰ ጩኸት ያለው ነው። የኢትዮጵያና የጅቡቲ የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመር ሲሠራ አሮጌው ሐዲድ ዋጋ አጣ። የአሮጌው ባቡር ጣቢያዎች፣ ጋሪዎች፣ የሠራተኞቹ ሙያና ቃላት የማን ቅርስ ናቸው? «ለገሃር» የሚለው የአዲስ አበባ ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ በጅቡቲ ከተማ መካከል ያለውን አደባባይ ደግሞ ስሙ ወደ ነጻነት ቀን ቢለወጥም ብዙ ሰው ዛሬም ሜኔሊክ ይለዋል። ከቅርሱ የሚቀረው እንግዲህ በቅድሚያ በአፍ ላይ የቀረው ነው።

የተሳካው ምሳሌ «ሔር» የተባለው የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ ነው። በጽሑፍ ሳይሆን በቃል የኖረ፣ ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙበት፣ ከአርባ አራት ሽማግሌዎች የሚዋቀር ጉባኤ ያለው ሥርዓት ነው። የጅቡቲው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ2024 ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተመዘገበ። ሦስት መንግሥታት በድንበር፣ በወደብና በውሃ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ እንደሚቸገሩ የታወቀ ነው፤ በአንድ የቃል ሕግ ላይ ግን አብረው ፈረሙ። በሔር ላይ የሚደረገው ክርክር ታዲያ ከቅርስ አልፎ የአስተዳደር ክርክር ነው፤ በዚህ ጉባኤ ሴት ትቀመጣለች ወይ፣ ውሳኔውና የመንግሥት ፍርድ ቤት ቢጋጩ የቱ ይጸናል የሚሉት ጥያቄዎች ከመዝገቡ በኋላም ይቀጥላሉ።

የተቋማቱ ድካም

እስካሁን የተናገርነው ተቋማቱን የሚያስመሰግን ነው። ድካማቸውም ግን መታየት አለበት። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በጅቡቲ የአደባባይ ጽሑፍ የሚጻፈው በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ሲሆን ገበያው የሚናገረው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። የአገሪቱ ራዲዮ በአራቱም ቋንቋዎች ያሰራጫል፤ የጥናት ወረቀቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከፈረንሳይኛ ወይም ከእንግሊዝኛ አያልፍም። በኦቦክ መንገድ የሚሞተው ልጅ አባት ኦሮሞኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ነው። ስለ ልጁ የተጻፈው ወረቀት እርሱ ዘንድ አይደርስም። በዚህ ረገድ የሶማሊ ተቋማት ያደረጉት ትምህርት ይሆናል። በ1999 በሐርጌሳ የተቋቋመው የሰላምና ልማት አካዳሚና መሰሎቹ ክርክሩን በፊልም ቀርጸው፣ ፊልም ማሳያውን በመኪና ጭነው ወደ ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ወሰዱት፤ ማንበብ የማይችለው እረኛም ተመልክቶ አስተያየቱን ሰጠ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የመንግሥት ተቋም መንግሥትን አጥብቆ መተቸት ይከብደዋል። የውጭ ዕርዳታ የሚቀበለው ደግሞ የሚያጠናው የሕዝቡን ጥያቄ ነው ወይስ የለጋሹን የሚል ጥርጣሬ ይከተለዋል። አውሮፓ ስደት እንዲቆም ስለምትፈልግ ስለ ስደት የሚደረግ ጥናት ገንዘብ አያጣም፤ ስለ እረኛው የግጦሽ መብት የሚደረገው ግን ያጣል። በአገራችን ይህ ጥያቄ ሕግ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ ከአሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን ለወጡ ወይም ዘጉ። በ2019 አዋጅ ቁጥር 1113 ተተካና ክልከላው ቀረ። ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ላይ ያለው ጥርጣሬ በአዋጅ የሚጠፋ አይደለም፤ ተቋሙ ማን እንደሚከፍለው በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሦስተኛው በመድረኩ የሚቀመጠው ሰው ነው። በትልቁ ሆቴል አዳራሽ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚታዩት አንድ ዓይነት ፊቶች ናቸው። ከስደት የተመለሰ ወጣት ቢጠራ እንኳ ስለ ራሱ መከራ እንዲመሰክር ይጠራል እንጂ ስለ ሕጉ ምን እንደሚያስብ አይጠየቅም።

መምህሩ የጥናት ተቋም አይደለም፤ ባጀትም ቆጣሪም የለውም። ነገር ግን አርባ ወይም ስልሳ ተማሪ አለው፤ እያንዳንዱም ከአንድ መንደር የመጣ ነው። የሥነ ዜጋ ወይም የጂኦግራፊ መምህር በአንድ ወር ውስጥ በዳጉ ሥርዓት ተማሪዎቹን ወደየመንደራቸው ቢልካቸው፣ ያዩትን ካዩት የሰሙትን ከሰሙት ለይተው፣ የማንንም ስም ሳይጠቅሱ እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ በማንም ቤት ያልተሰበሰበ ማስረጃ በእጁ ይገባል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ቢሆኑ ይሻላል። ባለፉት አምስት ዓመታት ከመንደራችሁ ስንት ሰው ወጣ? ስንቱ ወንድ ስንቱ ሴት ነው? ሲወጣ ስንተኛ ክፍል ነበር? ለመንገዱ ምን ተሸጠ? የተመለሰው አሁን ምን ይሠራል? መልሱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲደመር የወላጅ ኮሚቴው፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ከስደት የተመለሰ አንድ ሰው በክፍሉ ቢገኙ፣ ለተመላሹ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ደረሰብህ?» ሳይሆን «ምን ቢደረግ ይሻል ነበር?» ይሁን።